ፀሐይ ያልበላው ፊደል

ማክሰኞ፣ የዝናቡ ወር ማብቂያ
ከሱቁ፣ ከመስኮቱ ሥር ካለው ጠረጴዛ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣ ለጠብታዬ፦

ፀሐይ አልበላውም። እኔ ነኝ።

ሰላምታ አስቀድሜ፣ ጤናሽን ጠይቄ፣ ስለ ጉልበቴ አውርቼ ቀስ እያልኩ ወደዚህ ነገር ልደርስ ነበር ያሰብኩት። ግን ራሴን አውቀዋለሁ፤ አንዴ ጉልበቴን ካነሳሁ እዚያው እቀራለሁ። ስለዚህ አስቀደምኩት። ከሱቃችን ታፔላ ላይ «እና ልጅ» የሚለውን ያጠፋሁት በገዛ እጄ፣ በገዛ ብሩሼ፣ በነጭ ቀለም ነው። እናትሽን በቀበርን ማግስት፣ አንቺ ሻንጣሽን ይዘሽ ከወጣሽ በኋላ፣ መሰላል ላይ ወጥቼ አጠፋሁት። ኋላ ጎረቤት ፎቶ ልኮልሽ «አባዬ፣ ታፔላው ምን ሆነ?» ብለሽ በስልክ ስትጠይቂኝ «ፀሐይ በላው» አልኩሽ። ዋሸሁሽ። በየማለዳው ለጸሎት ቆሜ ስለ ሌላው ኃጢአቴ ሁሉ ምሕረት ስለምን፣ ይህቺን ብቻ በጎን አሳልፋት ነበር። እግዜር የማያያት ይመስል።

አሁን እንግዲህ፣ እንደምን አለሽ? እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴም ያው ነው፤ መሰላል ስወጣ ያጉረመርማል፣ ስወርድ ይራገማል። ይህ፣ ጉልበትን ሰው ማድረጉ፣ ሰውኛ ዘይቤ ነው። አትሳቂ፤ ተምሬ ነው።

እንዴት እንደተማርኩ ልንገርሽ። ያን ቀን «ፀሐይ በላው» ስልሽ «ሰውኛ ነው፣ አባዬ» አልሽኝ። «ፀሐይ አፍ የላትም።» ከዚያ ስለ አየሩ አወራንና ስልኩ ተዘጋ። «ሰውኛ» የሚለው ቃል ግን አብሮ አልተዘጋም። ስድብ መሰለኝ። «ሰው ነኝ ባይ» ያልሽኝ መሰለኝ። ቀለም ስበጠብጥ ሰውኛ፣ ስበላ ሰውኛ፣ ስተኛ ሰውኛ። በመጨረሻ ከጎናችን ወዳለው ፀጉር አስተካካይ ሄድኩ። የሰው ጭንቅላት ሲያገላብጥ ስለሚውል የማያውቀው ነገር የለም ብዬ ነው።

«"ሰውኛ" ማለት ምን ማለት ነው?» አልኩት።

«ማን አለዎት?»

«ልጄ።»

መቀሱን አስቀመጠ። «ጋሼ ብሩሽ፣ ልጅዎ እኮ የሥነ ጽሑፍ አስተማሪ ናት። መሳደብ ብትፈልግ ከዚህ የተሻለ ታጣለች? ይልቅ ዛሬ ከሰዓት ከእኔ ጋር ይምጡ። ቤተ መጻሕፍቱ ጓሮ ለትልልቅ ሰዎች ትምህርት አለ። እኔም እሄዳለሁ።»

«አንተ ደግሞ ምን ልትሆን?»

«ልብስ ሰፊዋን ያውቋታል አይደል? ግጥም ትወዳለች አሉ።» ጆሮው ቀላ።

እንዲህ ሆኖ ነው በዚህ ዕድሜዬ ተማሪ የሆንኩት። ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጥኩት ሰውዬ የሕፃናት ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ ጉልበቴ ጆሮዬ ጋ ደርሶ። አስተማሪያችን ጡረታ የወጣች ቀጭን ሴት ናት፤ ሁላችንም «እትዬ» እንላታለን፤ ፀጉሯ ላይ የጠመኔ ብናኝ አይጠፋም። ከእኔ ጎን የምትቀመጠው አዋላጅ የነበረች ወፍራም ሴት ናት። የሰፈሩን ግማሽ ያዋለድኩት እኔ ነኝ ስለምትል ማንንም አትፈራም፤ እትዬንም ጭምር። የመጀመሪያው ቀን እትዬ ወደ ፀጉር አስተካካዩ ዞራ እንዲህ አለች፦

«አንዲትን ሴት "ፀጉርሽ እንደ ሌሊት ጠቁሯል" ብትላት አነጻጻሪ ዘይቤ ነው። "እንደ" አለበት፤ ሁለቱ ነገሮች ጎን ለጎን ቆመው ይተያያሉ። "ፀጉርሽ ሌሊት ነው" ብትላት ግን ተለዋጭ ነው። "እንደ" ወጥቷል፤ አንዱ በሌላው ቦታ ገብቷል።»

«መላጣ ብትሆንስ?» አለ ፀጉር አስተካካዩ።

«ያኔ ምጸት ነው።»

አዋላጇ እየሳቀች ጠረጴዛውን ስትመታው ጠመኔው ወደቀ። እኔ ግን አልሳቅሁም። እጄን አወጣሁ። «እትዬ፣ ፀጉር ሌሊት አይደለም። ያልሆነውን ነው ማለት ውሸት አይሆንም ወይ?»

ነገሩ ለእኔ የቀልድ አልነበረም። ታውቂያለሽ፣ ታፔላ ላይ ውሸት አልጽፍም ብዬ ስንት ደንበኛ እንዳስኮረፍኩ። ይኸው ፀጉር አስተካካይ ሱቁን ሲከፍት «በዓለም አንደኛ ፀጉር ቤት» በልልኝ ብሎኝ፣ ዓለምን ዞረህ አይተሃታል ወይ ብዬ «በሰፈሩ አንደኛ» ብዬ ጻፍኩለት። «ጋሼ፣ በሰፈሩ እኮ እኔ ብቻ ነኝ!» ቢለኝ «እንግዲያው እውነት ነው» አልኩት። እናትሽ ስትሰማ ሳቋ አላቆም ብሏት የያዘችውን ቀለም ደፋችው።

እትዬ መነጽሯን አውልቃ ጠረገችና «ውሸታም ሰው ሰሚው እንዲያምነው ነው የሚፈልገው» አለች። «በዘይቤ የሚናገር ሰው ግን ሰሚው እንዲያይለት ይፈልጋል። "ሌሊት ነው" ሲላት ሌሊት መሆኑን እንድታምን አይደለም። ጥቁረቱን እንድታይለት ነው። እርስዎም ሲናገሩ ራስዎን ይጠይቁ፤ እንዲያምኑኝ ነው ወይስ እንዲያዩልኝ?»

እዚያች የሕፃናት ወንበር ላይ ፊቴ ጋለ። «ፀሐይ በላው» ስልሽ እንድታይልኝ አልነበረማ። እንድታምኚኝ ነበር። አንቺ ሰውኛ ብለሽ በስም ያከበርሽው ነገር ዓይኑን ያፈጠጠ ውሸት ነበር። አውቀሽ ይሁን ሳታውቂ እንዲያ ያልሽኝ፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። አሁን አሁን ታውቂ ነበር እላለሁ።

ከዚያ ወዲያ አንድም ክፍለ ጊዜ አልቀረሁም። አለመዋሸት አንድ ነገር ነው፣ እውነትን አሳምሮ መናገር ሌላ። የመጀመሪያውን ብቻ ይዤ ጻድቅ ነኝ ብዬ ኖሬ ነበር። ግነትን ስንማር ከክፍል እንደወጣን ፀጉር አስተካካዩን ይቅርታ ጠየቅሁት። «"በዓለም አንደኛ" ግነት ነው፤ ሰሚው ያውቃል፤ ውሸት አይደለም። ነገውኑ እጽፍልሃለሁ» አልኩት።

«አሁን ምን ያደርግልኛል ጋሼ! ከማዶ አዲስ የተከፈተው ፀጉር ቤት ቀድሞኝ ጽፎታል።»

«ታዲያ አንተን ምን ልበልህ?»

«"ከማዶኛው የሚሻል" ይበሉልኝ።»

«ይህማ ዘይቤ አይደለም፤ ጠብ ነው።»

አንድ ቀን ደግሞ እትዬ እንቶኔ የሚባለውን አስተማረችን። በቦታው የሌለን፣ የራቀን ወይም የሞተን ሰው ፊት ለፊት እንዳለ አድርጎ ማናገር ነው አለች። «ምሳሌ የሚሰጠኝ?» ስትል እጄ ሳላስበው ወጣ። ሁሉም ዞረው አዩኝ። «ስሚ፣ ይህ ሰማያዊ አልከበደም?» አልኩ። እትዬ «ማንን ነው የሚያናግሩት?» አለችኝ። «ባለቤቴን። በየማለዳው፣ ቀለም ስቀላቅል።» እኔ አላፈርኩም። ለራሴ እያረጀሁ ነው፣ ብቻዬን አወራ ጀመር ብዬ ፈርቼ ነበር፤ ለካ ስም ያለው ነገር ነው። አዋላጇ ክንዴን መታ አድርጋኝ ወደ ደብተሯ ተመለሰች።

አሁን ወደ ታፔላው ልመለስ።

ሥራውን ታውቂዋለሽ። የድሮ ፊደል ላይ አዲስ ቀለም ከመቀባትሽ በፊት በሻካራ ወረቀት ታሺዋለሽ። ካላሸሽው አዲሱ ቀለም አይነክስም፤ የሥሩም ፊደል ጠርዙ አብጦ ይቀራል። ይህን ገና ስድስት ዓመት ሳይሞላሽ፣ አፍንጫሽ ላይ ሁልጊዜ አንድ የቀለም ጠብታ ይዘሽ ስትዞሪ አስተምሬሻለሁ፤ ስምሽም ከዚያ ነው የመጣው። በሥራ ዘመኔ ሁሉ አንድም ቀን ሳላሽ ቀብቼ አላውቅም። ያን ቀን ግን ሳላሽ ቀባሁ።

ባለፈው ዓመት ይመስለኛል የጀመረው። ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ዘመም ስትልና ብርሃኑ ታፔላውን በጎን ሲመታው፣ ከነጩ ሥር «እና ልጅ» ጥላውን ጥሎ ይነሳል። ጠዋት የለም፣ ቀትር ላይ የለም፣ ከሰዓት አለ። በላችው ብዬ የከሰስኳት ፀሐይ ራሷ ታጋልጠኝ ጀመር። አንድ ቀን ከትምህርት ስንመለስ ፀጉር አስተካካዩ ቀና ብሎ አየውና በመንገዱ መሐል ጮኸ፦

«ጋሼ! ተምሳሌት!»

«ምን ተምሳሌት፤ የተበላሸ ሥራ ነው» አልኩት። «አላሸሁትም።»

«እርስዎ? ሳያሹ?» ደነገጠ። ለእሱ ከተምሳሌቱ ይህ በለጠበት።

ለምን አላሸሁም? ብዙ ጊዜ ራሴን መርምሬበታለሁ። እጄ ራሱ እምቢ ብሎኝ ነው ብል ደስ ይለኝ ነበር። ግን ለእጄ ያን ያህል ክብር አልሰጠውም፤ ንዴት ሥራ አያውቅም፣ ያ ነው። ሆኖም እግዜር በንዴቴ ውስጥ አንዲት ስንጥቅ ትቶልኝ እንደሆነ እሱ ያውቃል። ለእትዬ ስነግራት ግን የሳቀችው በፀሐይዋ ነበር። «ምጸት ማለት ይኸው ነው፤ የሸፈኑበት ነገር ራሱ ሲገልጥብዎት» አለች።

ያ ነው ድፍረት የሰጠኝ። በሚቀጥለው ሳምንት ተለዋጭ ዘይቤን ስንከልስ፣ አንድ ሰው በቀብር ላይ ሲናገር የሰማሁት ብዬ ያንቺን ቃል አቀረብኩ። ያለ ወረቀት ነበር የተናገርሽው፤ እኔም ያለ ወረቀት ነው የያዝኩት። እንደ እሾህ የገባ ነገር አይረሳም።

«እናቴ ሰሌዳ ነበረች። አባቴ ፊደሉ ነው። መንገደኛው ሁሉ ፊደሉን አነበበ፤ ሰሌዳውን ያየ የለም።»

ያን ዕለት ምን እንደሰማሁ ታስታውሺያለሽ። እናቷን እንጨት አለቻት ብዬ ነው የሰማሁት። ሬሳ ሣጥኗ ገና አፈር ሳይሸፍነው፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ እንጨት! ቤት ስንገባ «እናትሽን እንጨት አልሽ?» አልኩሽ። አንቺ ዓይንሽ አብጦ «አባዬ፣ አልገባህም» አልሽኝ። ከዘይቤው ይልቅ ያቃጠለኝ እሱ ነው፤ «አልገባህም»። ሳልማር ያስተማርኳት ልጅ አልገባህም አለችኝ! ከዚያ ያልኩትን አልኩ።

እና ቃሉን በክፍል ስናገር፣ ፀጉር አስተካካዩ ቀድሞ «ሴትዮዋ ተሰደበች ማለት ነው?» አለ። እኔም በሆዴ፣ ይኸው አልኩ፣ ብቻዬን አይደለሁም።

«ዝም በል አንተ» አለች አዋላጇ። «ሰሌዳ ከሌለ ፊደሉ የት ሊቆም ነው? አየር ላይ?»

እትዬ ወደ እኔ ዞረች። «ጋሼ ብሩሽ፣ ሥራው የእርስዎ ነው። ሰሌዳ ምንድነው? ይንገሩን።»

ስለ ሥራዬ ከጠየቁኝማ እኔን ማን ያቆመኛል። ተነሳሁ። ሰሌዳ ተራ እንጨት አይደለም አልኩ። መጀመሪያ ይላጋል። ጉጡ በስቱኮ ይደፈናል፣ ይታሻል፣ የሥር ቀለም ይጠጣል፣ ይደርቃል፣ እንደገና ይታሻል፣ እንደገና ይጠጣል። ዝናቡን የሚችለው እሱ ነው፣ ሙቀቱን የሚችለው እሱ ነው። እሱ ከተጣመመ ፊደሉ ይሰነጠቃል። ጥሩ ሰሌዳ ከሆነ ግን ማንም አያየውም፤ ሰው ሁሉ ቆሞ «ፊደሉ እንዴት ያምራል!» ነው የሚለው። ሰሌዳውን ማን ሠራው ብሎ የሚጠይቅ…

እዚያ ላይ ቆምኩ። አፌ እንደተከፈተ።

ምክንያቱም በሱቃችን ጓሮ፣ ከጣሪያው ሥር እጇ እስከ አንጓዋ ነጭ ሆኖ፣ ቲነር ጣቶቿን ሰነጣጥቆት፣ ሰሌዳውን ሁሉ የምትሠራው ማን ነበረች? ደንበኛ ገብቶ «የብሩሽ ሰሌዳ አይሰነጠቅም!» ሲለኝ «እግዜር ይስጥልኝ» ብዬ የምቀበለውስ ማን ነበር? አንድም ቀን «የእሷ ሥራ ነው» አላልኩም። ሸሽጌ እንኳ አይደለም፤ አልታየኝም።

እትዬ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ልጅቷ ማን አላየም ነው የምትለው?» አለች።

«መንገደኛው» አልኩ።

«አባትየውስ? መንገደኛ ነበር?»

መነጽሬን ጠረጴዛው ላይ ረስቼ ወጣሁ። ፀጉር አስተካካዩ እየሮጠ ይዞልኝ መጣ፤ ምንም አልቀለደም። ለእሱ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ልጄ፣ እውነቱን ልንገርሽ። ትምህርቱን የቀጠልኩት ቃልሽ ሲፈታልኝ ክስ አለመሆኑን አገኛለሁ ብዬ ነበር። ሲፈታ ግን ክስ ሆኖ ተገኘ፤ እኔ የተቆጣሁበት ግን አልነበረም። እናትሽን ዝቅ አላደረግሻትም፤ እኔን ነው የጠየቅሽኝ። እንጨት ያልኳት እኔ ነኝ። አንቺ ሰሌዳ አልሽ፣ እኔ እንጨት ሰማሁ።

አንድ ነገር ልጨምርልሽ፣ አንቺ የማታውቂውን። አንድ ጊዜ፣ ገና ልጅ ሳለሽ፣ እናትሽ ያለቀ ሰሌዳ ወደ ውስጥ ይዛ እየገባች «ከጀርባው ስሜን ብጽፍ ምን ይመስልሃል?» አለችኝ። እኔም «ግድግዳው ሊያነብልሽ ነው?» አልኳት። ሳቅሁ። እሷም ሳቀች። አብራኝ ስለሳቀች ነገሩ ያለቀ መሰለኝ።

ደግሞ ሌላ ማምለጫ ሞከርኩ። አንድ ቀን ክፍሉ ሲበተን ወደ ኋላ ቀርቼ፣ «እትዬ፣ ሰው በንዴት "ከዛሬ ጀምሮ ልጅ የለኝም" ቢል ግነት አይደለም ወይ?» አልኳት። ጥቁር ሰሌዳውን እያጠፋች፣ ዞር ሳትል «የተናገረው ሰው ያውቃል» አለችኝ። ቤቴ ገብቼ ተንበርክኬ ራሴን ጠየቅሁ። ግነት ነበር ብዬ ልጽፍልሽ በጣም ፈልጌ ነበር። ግን አልነበረም። ያን ሰዓት የምሬን ነበር። ሰው ግነት ተናግሮ መሰላል ላይ አይወጣም። ይቅር በይኝ የምልሽ ለዚያ ነው፤ ለዘይቤ አይደለም፣ ለቃሉ ነው።

ባለፈው እሑድ ስትደውይ «ለዕረፍት ልምጣ?» አልሽኝ። እኔም «እንደፈለግሽ» አልኩሽ። ያ እንደፈለግሽ ምን ዓይነት ዘይቤ እንደሆነ በደንብ ፈልጌ አጣሁት። ፍርሃት ነው። ከመጣሽ ታፔላውን ታያለሽ፤ በጠዋት ብትመጪ እንኳ ከሰዓት ማየትሽ አይቀርም። ድምፅሽ ደግሞ ከዚያ በኋላ ቀዘቀዘ። «እሺ፣ አያለሁ» ብለሽ ዘጋሽ። ይህቺን ልጅ ዳግመኛ በዝምታ ካሳለፍኳት፣ ከእናቷ ቀጥሎ ሁለተኛዋ ሰሌዳ እሷ መሆኗ ነው ብዬ አሰብኩ።

ስለዚህ መልሴ ይኸውልሽ፤ ነይ። «እንደፈለግሽ» ሳይሆን፣ ነይ። ግነትም ምጸትም የለበትም።

ፈጣሪ መንገድሽን ያቅናልሽ። በክፍልሽ ወንበር ላይ ለሚቀመጡት ልጆች ሁሉ የሚሰማ ጆሮ ይስጣቸው፤ እንደ አባትሽ ዘግይተው የሚሰሙ አያድርጋቸው። ጉሮሮሽን ከጠመኔ አቧራ ይጠብቅልሽ። የእናትሽ ትዕግሥት ይደርብሽ፤ ዝምታዋ ግን አይድረስብሽ። የሚሰማሽን ሁሉ ተናገሪ፤ ባይገባኝም ተናገሪ፤ እማራለሁ።

ዛሬ ያደረግሁትን ጽፌ ልጨርስ።

ጠዋት፣ ከጸሎት በኋላ፣ ፀጉር አስተካካዩ መሰላሉን ይዞልኝ ታፔላውን አወረድኩት። መሬት ላይ እንደተጋደመ መጀመሪያ ጀርባውን ገለበጥኩ። ምናልባት ሳቄን ንቃ ስሟን ጽፋበት ይሆናል ብዬ ነው። በብርሃን አየሁት፣ በእጄ ዳሰስኩት። ምንም የለም፤ ንጹሕ እንጨት። ሳቅኩባት፣ ተወችው።

ከዚያ ፊቱን መልሼ ነጩን ቀለም በስፓቱላ ጫፍ ነካሁት። ስላልታሸ አልነከሰም ነበር፤ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ወጣ። (አነጻጻሪ ነው፤ «እንደ» አለው።) ከሥሩ «እና ልጅ» አንድ ጭረት ሳይነካው ወጣ። የአንቺ ጽሑፍ ነው። ያን ቀን መሰላሉ ላይ ቆመሽ፣ እናትሽ ከኋላ ወገብሽን ይዛሽ፣ እኔ ከታች «ቀጥ አድርጊው!» እያልኩ ስትጽፊ «ጅ» ወደ ቀኝ ትንሽ ዘመመችብሽ። አሁንም እንደዘመመች ናት። አላቃናኋትም።

ከታፔላው ግርጌ ደግሞ «ሰሌዳችን አይሰነጠቅም» የሚል መስመር እንዳለ ታስታውሺያለሽ፤ እኔ በትልቁ፣ በቀይ የጻፍኩት። እሱን ፋቅሁት። ቀስ ብዬ፣ ጎንበስ ብዬ፣ ቀዩ አልቆ የእሷ የሥር ቀለም እስኪመጣ ድረስ። ነጭ ብቻ ዓይን ይወጋል ብላ ሁልጊዜ ጥቂት ቢጫ ጠብ ታደርግበት ነበር፤ ያ መልክ ብቅ ሲል ቆምኩ። ከዚያ በላይ አልነካሁትም። ዝናብ እንዳያበላሸው ቫርኒሽ ብቻ ቀባሁትና መልሼ ሰቀልኩት።

ፀጉር አስተካካዩ ወደ ኋላ ሄዶ ከመንገዱ ማዶ አየው። «ጋሼ፣ ከሥር አንድ መስመር ባዶ ቀርቷል እኮ! ምን ሊጽፉበት ነው?»

«ምንም» አልኩት። «እሱ ሰሌዳው ነው። ይታይ።»

አባትሽ፣
የ«ብሩሽ እና ልጅ» ግማሹ